የኦስበርት ሄፕል ግንባርና የንጉሡ ጽዋ አግዳሚ

በዘመነ ዝገት በሦስተኛው ዓመት፣ የመርከብ መሥሪያው ጡሩምባ ዝም ካለና በትልቁ ክሬን ጫፍ ላይ የባሕር ወፍ ጎጆዋን ከቀለሰች ወዲህ፣ በወርኃ ጥቅምት መባቻ፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከመጀመሪያው እብጠት በኋላም አሥራ አንደኛው ዓመት በሆነ ጊዜ፣ ስዩመ እርሳስ፣ ርእሰ ነዊኃን፣ መዋዔ ሠርዌ፣ ይኸውም አግዳሚ እንጨትን ድል የነሡት ማለት ነው፣ ክቡር ሚስተር ኦስበርት ሄፕል በእንግሊዝ አገር በታይን ወንዝ ዳር የሠሩትን ታላቅ ሥራ እንጽፋለን፤ ያየነውን እንዳየን፣ ያላየነውንም የሻይ አቅራቢዋ ወይዘሮ ትዌድል እንደ ነገሩን።

ስለዚያ ዘመን የጻፉ ሌሎች ሰዎች አሉ። በእነሱ መጽሐፍ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በሁለቱ ታላላቅ ጦርነቶች መካከል አፍንጫቸው፣ ማለትም የፊት ጫፋቸው፣ ዝቅ ያለ፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር ውኃ የሚጠጡ፣ ወደ ሰማይ የሚተኩስ መድፍ ያነሳቸው፣ መርከበኛውም እንደ ገበያ ዶሮ ታጉሮ የሚያድርባቸው ነበሩ ተብሎ ተጽፏል። ይጻፉ። እነሱ ያልተሳካውን ዘመን ጻፉ፣ እኛ የተሳካውን እንጽፋለን፤ ቀለሙ ለሁላችንም ይበቃል።

ሚስተር ሄፕል የጦር መርከብ ነዳፊ ነበሩ። ቁመታቸው ከሰው ሁሉ የተለየ ስለ ነበረ በር ባዩ ቁጥር አስቀድመው ጎንበስ ይላሉ፤ የማያውቃቸውም ሰው ምንኛ ትሑት ናቸው ይል ነበር። በወጣትነታቸው አንድ አሮጌ መርከብ ሊጎበኙ ገብተው፣ የብረቱን አሠራር አድንቀው ቀና ባሉበት ቅጽበት የጣራው አግዳሚ ግንባራቸውን አገኘውና፣ የዝይ እንቁላል የሚያህል እብጠት በቀለባቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመን በዚያ እብጠት ይቆጠራል። በወለሉም ላይ ተቀምጠው ሳሉ የመጀመሪያውን አዋጅ አወጁ፤ የሰማቸው የመርከቡ ድመት ብቻ ነበረ።

«ስማ ድመት! ከዛሬ ጀምሮ ግንባሬን ለመርከብ አላውስም! እኔ በነደፍኩት መርከብ ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥ ብሎ! አለቀ፣ ደቀቀ።»

ከዚህም በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ነደፉ፣ አጠፉ፣ ነደፉ። የሥራውን ክብደት የማያውቅ ሰው ጣራን አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ ቀላል ይመስለዋል፤ ነገር ግን የዓለም ኃያላን በዋሽንግተን ተሰብስበው የመርከብ ክብደት ከዚህ አይለፍ ብለው ተፈራርመዋልና፣ አንድ ስንዝር ጣራ የሚጨምር ነዳፊ የዚያኑ ያህል ብረት ከሌላ ቦታ መንቀል አለበት። ስለዚህ ሚስተር ሄፕል በእርሳሳቸው ዘመቱ፤ የአድሚራሉን ሁለተኛ የገላ መታጠቢያ ገንዳ የአንበሳ እግር ከሚመስለው መቆሚያው ጋር ማረኩ፣ ማንም የማይደርስበትን ፒያኖ ወደ ባሕር ጣሉ፣ የእብነ በረድ የእጅ መታጠቢያውን ደመሰሱ፣ የነሐስ ሰዓቶችን በረድፍ ፈጁ፤ በተረፋቸውም ክብደት የመርከቡን አፍንጫ ከማዕበል በላይ አነሡ፣ ወደ ሰማይ የሚተኩሱ መድፎች አበዙ፣ የባሩዱን ክፍል በድርብ በር ዘጉ፣ ከላይ እስከ ታችም ጣራውን ሁሉ አንድ ስንዝር አስነሡት። ሥዕሉ ባለቀ ቀን የቢሮው ነዳፊዎች ወንበር ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ሚስተር ሄፕልም ሊቆሙ ፈልገው ነበር፣ መብራቱን አይተው ተዉት።

ጀግናው የሚኖሩት ከታላቅ እኅታቸው ከሄቲና ከባሏ ከከዲ ሮብሰን ጋር ነበር። ከዲ የመርከብ ብረት በችንካር የሚያያይዝ መዶሻኛ ነው፤ ዘመነ ዝገት ከገባ ወዲህ ግን የቀጠረው የለም። ጧት ጧት እስከ መሥሪያው በር ይሄዳል፣ በሩን ያየዋል፣ ይመለሳል፤ የቀረውን ቀን ከጓሮ ባሮ ሽንኩርቱን ሲንከባከብ ይውላል። በዚያ አገር ባሮ ሽንኩርት ለውድድር ይቀርባልና፣ ከዲም ለዚያ ሳምንት ቅዳሜ ክንድ የሚያህል አንድ ባሮ ደርሶለት ነበር፤ ማንም እንዳይነካው፣ ጠጋ ብሎም እንዳይተነፍስበት ከልክሎ ነበር። ሄቲ ደግሞ ከዝምታው ጋር ተጣልታለች። መሥሪያው በሥራ ላይ ሳለ የመዶሻው ጩኸት መደርደሪያዋ ላይ ያሉትን ስኒዎች እያንቀጠቀጠ ያስመርራት ነበር፤ አሁን ስኒዎቹ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፣ እሷም ዝም ብለው ሲቀመጡ ማየት አልቻለችም። አንዳንዴ ሰው በሌለበት መደርደሪያውን በክርኗ ትገፋዋለች።

በዚያም ሐሙስ ከባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት የተላኩ ሁለት አድሚራሎች ሥዕሉን አይተው ሊፈርሙ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ከፈረሙ መርከቡ እዚሁ ይሠራል፣ ካልፈረሙ የድሮው ዓይነት መርከብ በሌላ ወንዝ ይሠራል። ከዲ ይህን ስለ ሰማ በቁርስ ሰዓት ከበሩ ላይ ቆሞ አዋጅ ነገረ።

«ስማ አማቼ! ዛሬ ሳያስፈርሙ መምጣት የለም! ከመጣህም በጭስ ማውጫው ግባ፣ በሩማ ድሮም አይበቃህ!»

ሄቲም ወዲያው ከምድጃው አጠገብ ሌላ አዋጅ አወጀች።

«አንተ ተወው ልጁን! ኦዚ፣ ሹራብህን ደርብ። እነዚያ ሽማግሌዎች ሲያፈጡብህ እንደ ልማድህ እንዳትኮራመት። ቀጥ በል እሺ? የእናቴ ልጅ ቀጥ ሲል ነው የሚያምር።»

ሚስተር ሄፕልም ጎንበስ ብለው ወጡ። ከመሥሪያውም ቢሮ አብሯቸው የተሰለፈው ሠራዊት እነሆ፤ ፊታውራሪ ሆኖ ሥዕሉን በትከሻው የተሸከመው ነዳፊ፣ በቀኝ የማስመሪያ ያዦች፣ በግራ የላጲስ ያዦች፣ የእርሳስ በጅሮንድ፣ የቀለም ሊጋባ፣ ከኋላም ተሽከርካሪ ጠረጴዛቸውን እየገፉ የሻይ አጋፋሪዋ ወይዘሮ ትዌድል፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ላብ በላብ ሆነው የቢሮው አለቃ ሚስተር ማክፌይል፤ እሳቸውም ስኮትላንዳዊ ነበሩና ሳቅን እንደ ሻማ የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ።

አድሚራሎቹ ሰር ሄርኩለስ ዊንተርቦርንና ሰር ሎዶቪክ ስተክሊ ይባላሉ። ሁለቱም ድንቅ ባሕረኞች፣ ሁለቱም ባለ ብዙ ኒሻን፣ ሁለቱም አጫጭር ነበሩ። ለክብራቸውም አናጢዎች በመሥሪያው ፎቅ ላይ የአዲሱን መርከብ የመኮንኖች ምግብ ቤት በሙሉ መጠኑ ከሳንቃ ሠርተው ነበርና፣ ምሳው እዚያው ውስጥ ቀረበ፤ የበግ ጥብስ ከናና መረቅ ጋር፣ ከዚያም በእንፋሎት የበሰለ ጣፋጭ ፑዲንግ ከነመረቁ። ሰር ሄርኩለስ ስለ አፍንጫው ሰሙ፣ ደስ አላቸው። ስለ መድፉ ሰሙ፣ ደስ አላቸው። ገንዳቸው አንድ ብቻ መሆኑን ሰሙ፣ ለአገር ሲሉ ዋጡት። ሚስተር ማክፌይልም ብዕሩን ከኪሳቸው አውጥተው ማሟሸት ጀመሩ።

ከምሳ በኋላ ቀዩ ወይን ተቀዳ፤ ሰር ሄርኩለስም «ጌቶች፣ ንጉሡ!» ብለው አወጁ። ሁሉም እንደ ተቀመጡ ጠጡ። የባሕር ኃይል ሰው ስለ ንጉሡ ጤና የሚጠጣው ተቀምጦ ነውና። ይህም ከአባቶች የወረደ ክብር ነው፤ ከጥንት ነገሥታት አንዱ መርከብ ላይ ጽዋ ሊያነሡ ብድግ ሲሉ አግዳሚው አናታቸውን ብሏቸው፣ «ከእንግዲህ መርከቤ ላይ ማንም ተነሥቶ አይጠጣ» አሉ ይባላል። የእግረኛው ጦር እስከ ዛሬ ቆሞ ይጠጣል፣ በዚህም ባሕረኞች ይንቁታል።

ሰር ሄርኩለስ ግን የመጨረሻዋን ጠብታ ሊጨልጡ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሲያዘነብሉ ዓይናቸው ወደ ጣራው ሄደ። ብርጭቆውም በአየር ላይ ቀረ። በላያቸው አግዳሚ አልነበረም። ባዶ ነበር፤ ንጹሕ፣ ሰፊ፣ ለመቆም የሚጋብዝ ባዶ። ፊታቸው ከወይኑ ይልቅ ቀላ፤ ታላቁንም አዋጅ አወጁ።

«ይሄ ምንድን ነው? አግዳሚው የት ሄደ? አዎ፣ እርስዎን ነው ረጅሙ ሰውዬ! አግዳሚ ከሌለ ተቀምጠን የምንጠጣው ምን ሆነን ነው? ጉልበታችንን ታመን ነው? ነገ እነዚያ እግረኞች ይመጡና "ጣራችሁ ከፍ ብሏል አሉ፣ በሉ እንግዲህ እንደኛ ተነሡ" ይሉናል! አርባ ዓመት ተቀምጬ ጠጥቻለሁ፤ ቆሜስ አልጠጣም!»

ሰር ሎዶቪክም ከፑዲንጋቸው ቀና ሳይሉ አጸኑት።

«እውነት ነው! መርከብ ይስመጥ፤ ልማድ ግን አይሰምጥም! ... ትንሽ መረቅ ብታቀብሉኝ።»

በዚህ ጊዜ ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። የማስመሪያ ያዦች ወደ ላጲስ ያዦች አፈገፈጉ፣ የእርሳስ በጅሮንዱ እርሳሱን ነከሰ፣ ሚስተር ማክፌይልም ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው በጠረጴዛው ሥር የሚስተር ሄፕልን እግር ረገጡ። ስለ መድፉ የሚያነሣ ጠፋ። ስለ ባሩዱ በር የሚያነሣ ጠፋ። ሰር ሄርኩለስ ሥዕሉን በአንድ ጣት ገፍተው፣ ጠቅልሉት፣ የድሮው ይሻለናል አሉና ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

ሚስተር ሄፕል በመስኮቱ ወደ ታች አዩ። መርከብ የሚሠራበት ሜዳ ሣር አብቅሏል፤ ከበሩም ውጭ እጃቸውን ኪሳቸው የከተቱ ብዙ ሰዎች ቆመው ነበር፣ ከመካከላቸውም አንዱ ከዲ ነው። ከዲ መስኮቱን እያየ ነበር። ጀግናውም ከመስኮቱ ዞረው ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ።

«ጌቶቼ፣ ቆይ አንዴ! አንድ አግዳሚ እመልስላችኋለሁ። መርከበኞቹ ታች ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እዚህ ግን፣ ከዚህ ጠረጴዛ በላይ፣ አንድ ዝቅ ያለ አግዳሚ አደርግላችኋለሁ። ሥራ የለውም፤ ንጉሡን ተቀምጣችሁ እንድትጠጡ ብቻ ይንጠልጠል።»

ሰር ሄርኩለስ ባርኔጣቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። ሁለት አናጢዎች ወዲያው ከማከማቻው ባሉጥ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ አንድ ሳንቃ አምጥተው በጠረጴዛው ላይ በግራና በቀኝ ወጥተው፣ ቀድሞ በአሮጌዎቹ መርከቦች በነበረው ልክ ዝቅ አድርገው ያዙት። ነገር ግን ሰር ሄርኩለስ ከሥሩ ቢቆሙ ሳንቃው አልነካቸውም። ባርኔጣቸውን ደፍተው ቢቆሙም አልነካቸውም። ሰር ሎዶቪክ ቢቆሙ በአናታቸውና በሳንቃው መካከል ድመት ይተኛ ነበር። ለአርባ ዓመት ሲፈሩት የኖሩት አግዳሚ ከቶም እንደማይደርስባቸው በዚያን ዕለት ተገለጠ፤ እነሱ ግን በዚህ አላፈሩም፣ በሳንቃው ተቆጡ እንጂ። ሰር ሎዶቪክም አዲስ ሕግ አወጡ።

«ማንንም የማይመታ አግዳሚ ጌጥ ነው! ምክንያት አይሆነንም! የሚመታው ሰው ይምጣና እንይ!»

ሁሉም ዞረው ሚስተር ሄፕልን አዩ።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ምክንያቱም ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ብድግ ብሎ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ ሳንቃውን በፀጉሩ ዳሰስ አድርጎ «ወይኔ» ይል ነበር። ሚስተር ሄፕል ግን ለድመቱ የማሉትን መሐላ አሰቡ፣ ከዲን አሰቡ፣ የሄቲንም የማይንቀሳቀሱ ስኒዎች አሰቡ። ግንባራቸውን እንደ ወዳጅ ዳሰስ አድርገው ተሰናበቱት። ሚስተር ማክፌይል «ጌቶች፣ ንጉሡ!» ብለው ሲያውጁም ጀግናው ከወንበራቸው ተነሡ፣ እኅታቸው እንዳዘዘቻቸው ቀጥ ብለው፣ ከልብ፣ በሙሉ ቁመታቸው።

ድምፁ በመሥሪያው ሁሉ ተሰማ። በክሬኑ ጫፍ ያለችው ወፍ በረረች። የወይዘሮ ትዌድል ስኒዎች በተሽከርካሪው ጠረጴዛ ላይ ዘመሩ። ከበሩ ውጭ የቆሙት ሰዎች ሥራ የተጀመረ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሡ። ሰር ሄርኩለስም እንባ ባቀረረ ዓይን እጃቸውን ወደ ብዕሩ ዘረጉ፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሰር ሎዶቪክ ከሳህናቸው ቀና አሉ።

«ይቅርታ፣ እኔ አላየሁም። ፑዲንጌን እያየሁ ነበር። ሳላይ ልፈርም? ኅሊናዬ እሺ አይለኝም። ይደገም!»

ወዳጆቼ፣ አንድ ጊዜ መመታት የድፍረት ሥራ ነው፤ ድፍረት ደግሞ ሳያስቡት ይመጣል። ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ሁለተኛ የሚነሣ ግን ጥቂት ነው። ሚስተር ሄፕል ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ «ጌቶች፣ ንጉሡ!» በተባለ ጊዜም እንደ ገና ተነሡ፣ ከፊተኛውም ይልቅ ቀጥ አሉ። ሳንቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ፤ አንዱ አናጢም ከጠረጴዛው ላይ ወደ ፑዲንጉ ወረደ። ሰር ሎዶቪክ ግን ጮኹ።

«አየሁ! እሰይ! ይሄ ነው አግዳሚ ማለት! ብዕሩን ወዲህ በሉ!»

ሁለቱም ፈረሙ። ወይዘሮ ትዌድልም የሻዩ ሰዓት ሳይደርስ ሻይ ቀዱ፤ ይህም በመሥሪያው ታሪክ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። በጀግናውም ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ማንኪያ ይዘው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ያልፋል፣ ስኳር ጨምሬልሃለሁ» የሚለውን የርኅራኄ አዋጅ አወጁ።

ኋላ የሆነውን አስቀድመን እንናገር። መርከቡ ተሠራ፤ በእሱም አምሳል ብዙዎች ተሠሩ፤ አፍንጫቸው ውኃ አልጠጣም፣ ታች ያለው መርከበኛ ቀጥ ብሎ እየሄደ ከአግዳሚያቸው ሥር ጎንበስ በሚሉት መኮንኖች ሳቀባቸው። በየመርከቡም አንድ ብቻዋን የምትንጠለጠል አግዳሚ ነበረች፤ ባሕረኞቹ «ሄፕሊቱ» ይሏት ነበር። ስሙን የማንጠቅሰው መንግሥትም ሰላይ ልኮ ሥዕሉን አሰረቀ፤ ሊቃውንቱ አግዳሚዋን አይተው ምሥጢሩ እዚህ ነው ብለው ተማከሩ፣ በራሳቸውም መርከቦች ሁሉ ሠርተው ሰቀሏት። እስከ ዛሬም ለምን እንደሆነ አያውቁም።

ወደዚያ ሐሙስ እንመለስ። ሚስተር ሄፕል ወደ ቤት ሲገቡ ስለ ፈዘዙ በሩ ላይ ጎንበስ ማለትን ረሱ፤ የዕለቱንም ሦስተኛ ምት እዚያው ተቀበሉ። ሄቲም ዞራ ባየቻቸው ጊዜ መጥበሻዋን አንሥታ አወጀች።

«ማነው የመታህ? ስሙን ንገረኝ! አድሚራል ሆነ አልሆነ ዛሬ ይለይለታል!»

ነገሩን ሁሉ በነገሯት ጊዜም መጥበሻው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሁለቴ? ... አንተ ሞኝ! አንተ የተባረክ ሞኝ።»

ከዲ ግን ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ሲመለስም ያን ክንድ የሚያህለውን፣ ማንም እንዳይተነፍስበት የከለከለውን፣ ለቅዳሜ ውድድር ያሳደገውን ባሮ ሽንኩርት ከነአፈሩ ይዞ ገባ፤ በሚስተር ሄፕል ጉልበት ላይ አስቀመጠው፤ ቢላዋም ፈለገ። በዚያች ማታ ሾርባ ጠጡ። ጀግናው እንደዚያ ያለ ሾርባ በሕይወታቸው አልጠጡም፤ እንባቸውም ከእብጠቱ ነው ብለው ነበር።

ጸደይም በገባ ጊዜ ብረቱ መጣ፣ ጡሩምባው ጮኸ፣ ሣሩ ታጨደ፤ ከዲም በጧት በበሩ አልፎ ገባ። ሄቲ ዕቃ እያጠበች ሳለች የመጀመሪያው መዶሻ ተሰማ፣ ከዚያም ሁለተኛው፣ ከዚያም መቁጠር የማይቻለው። በመደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንዲቱ ወደ ጫፉ እየተንፏቀቀች መጣች። ሄቲ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው፤ ስኒዋም ወደቀችና ተሰበረች። እሷም ከስብርባሪው አጠገብ ቆማ ሳቀች፣ አለቀሰችም።

እንግዲህ ሌሎች ነገሥታት በጋሻና በጦር ይመስገኑ። እኛ ግን በየመርከቡ ሆድ ውስጥ ቀጥ ብሎ በሚሄደው መርከበኛ ፊት፣ በታይን ዳር በሚጮኸው መዶሻ ፊት፣ በዚያችም በተሰበረች ስኒ ፊት ይህን እንላለን፤ ሞዓ ፍጽም ዘእምነገደ ሄፕል! የሄፕል ወገን ግንባር ድል አደረገ። ዕድሜው ይርዘም፣ እብጠቱ ይጉደል፣ በሩም ሁሉ ከፍ ይበልለት።